የክንዴ መድኃኒት ከቁስቋም ቅጥር ውጭ ያቆመኝ ጊዜ

ይህን የምጽፈው እንደኔ ክንዷ ላይ መድኃኒት አስቀብራ፣ ደም ሲመላለስባት ለማን እንደምትናገር ለጠፋባት ሴት ነው። ሐኪም አይደለሁም። አራዳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፣ ቤቴ ቁስቋም ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ነው፤ ዜማ ያስተምራል፣ ማኅሌት ይቆማል። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ። ስንጣላ ደግሞ ብቻችንንም አንቱ እለዋለሁ፤ ያኔ ምን ያህል እንደተናደድኩ ይገባዋል።

ሁለተኛዋን ልጄን በጥቅምት ማለቂያ ስወልድ ደም አልቆም ብሎኝ ልሞት ነበር። የተረፍኩት የሰው ደም ተሰጥቶኝ ነው። ዓይኔን ስገልጥ መሪጌታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ነጠላው ላይ የኔ ደም ደርቆበት አላወቀም። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳታርፍ ካረገዘች፣ እንደዛሬው ላናተርፋት እንችላለን» አለን። መሪጌታ ስለ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አውርቶ አያውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ባጃጅ ውስጥ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ «ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ» አለኝ። 

ሕፃኗን ለአርባ አምስት ቀን ክትባቷ ጤና ጣቢያ ስወስዳት፣ ግራ ክንዴ ላይ ከቆዳዬ ሥር የክብሪት እንጨት የምታህል ለስላሳ ዘንግ አስገቡልኝ። ለሦስት ዓመት እርግዝና ትከላከላለች። እኛ ዘንድ «በክንድ የሚቀበር» ነው የምንለው። ነርሷ «ደምሽ ሊዛባ ይችላል፣ አትደንግጪ» ብላኝ ነበር። እኔ ሊዛባ ማለት ሊዘገይ ወይም ሊቀር መሰለኝ። ይቅር፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ ጀመረኝ። ብዙ አልነበረም፤ ግን አልቆም አለ። ዛሬ ጠፋ ስል ነገ ይመጣል፤ አንድ ቀን ቡናማ ጠብታ፣ አንድ ቀን ደማቅ ደም። ደም ፈሶት ሞትን ያየ ሰው ጠብታና ጎርፍ መለየት አይችልም።  ሌሊት እየነቃሁ በእጄ ልብሴን እዳስሳለሁ፤ ደረቅ ሲሆን ተመስገን ብዬ ተመልሼ እተኛለሁ፣ እርጥብ ሲሆን እስኪነጋ የሕፃኗን ትንፋሽ እሰማለሁ። ብሞት ማን ያጠባታል እያልኩ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ሥርዓት ሴት በአደፍ ጊዜዋ፣ በወር አበባዋ ማለት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ መስቀል አትሳለምም፣ ጸበል አትጠጣም። ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እናቴም እንዲሁ ኖራለች። ነገር ግን የእናቴ የሳምንት ነገር ነበር፤ የኔ ማብቂያ አልነበረውም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እናቷም ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ቀን ነው። ነጭ ቀሚሴን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ከግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር። በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ደረቅ ዋልኩ። ጠዋት ስነሣ መጣ። የክርስትና እናቷ የመሪጌታ እህት ናት፤ ሕፃኗን ከእጄ ተቀብላ ገባች፣ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቀረሁ። ውኃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት እስከ መንገዱ ተሰማኝ። ጡቴ በልብሴ ላይ ፈሰሰ። የልጄን ክርስትና የማውቀው በዚያ ጩኸት ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከቅጥር ውጭ መቆም ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያነበው ነገር ነው። አንድ እሑድ ቢሆን ማንም አያይሽም። ሲደጋገም ግን ሰላምታው ይረዝማል። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከቅዳሴ ስትወጣ አጠገቤ ቆመች።

«ምነው አስካልዬ፣ አሁንም ደጅ ነሽ?»

«ትንሽ አሞኝ ነው።»

«እኔስ ባለፈው እሑድም ትንሽ አሞኝ ነው ስትይ የሰማሁ መሰለኝ» አለችና ዓይኗን ከራሴ እስከ እግሬ አወረደችው። የመሪጌታ ሚስት ምን ኃጢአት ሠርታ ይሆን የሚለውን ቤቷ ሄዳ ታጣራዋለች።

ቤቴ ውስጥም ብቻዬን ነበርኩ። መሪጌታ ማኅሌት የሚቆም ሰው ከአደፍ መራቅ ስላለበት መደቡ ላይ መተኛት ጀመረ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ?» ይለኛል፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ነጠላውን ደርቦ ይወጣል። ትዳራችን በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ሰነበተ። ያስቀበርኩት በሁለታችን ስምምነት ነው፣ የምደማው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ እየቆየ ይህ ቅር አሰኘኝና ብቻችንንም አንቱ እለው ጀመር።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ስለ ክንዴ አልጠየቁኝም፣ እኔም ከደሙ ጋር ይያያዛል ብዬ አላሰብኩም። «የማህፀን ኢንፌክሽን ነው» ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ጨርሼው ምንም የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ «ከወሊዱ የቀረ ትርፍ ይኖር ይሆናል፣ መጠረግ ሊያስፈልግ ይችላል» አሉኝ። መጠረግ የሚለውን ቃል ይዤ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የስፌት ሱቄ በሳምንት ግማሹን ይዘጋ ስለነበር ለምርመራው የሚከፈለው ከየት እንደሚመጣም አላውቅም ነበር።

በየክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ላይ የሁላችንም ዓይን መሬት መሬት ያያል። እኔ ጥቁር ቀሚስ እለብስ ነበር፤ ከወንበር ስነሣ ደግሞ መጀመሪያ ዞሬ የማየው ወንበሩን ነው። አንድ ቀን ስሜ ተጠርቶ ስነሣ ጥቁሩም አላዳነኝም። ደሙን ከእኔ ቀድማ ያየችው ጎኔ የነበረች የማላውቃት የገጠር ሴት ናት። ብድግ ብላ ጋቢዋን ዘርግታ ከኋላዬ ተጠግታ እስከ ሐኪሙ በር ድረስ ሸኘችኝ፣ ተመልሳም ቦታዋ ተቀመጠች። ስወጣ አጣኋት። ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ ይቆጨኛል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ ማኪና መጣች። ስለ ክንዴ አታውቅም። ማታ የአልጋዬ መጋረጃ ውስጥ ሆኜ ለመሪጌታ፣ «ይሄ የተቀበረው ነገር ይሆን እንዴ ደሙን የሚያመጣብኝ?» አልኩት። ያኔ ነው መጀመሪያ የጠረጠርኩት። ጠዋት ዷ ዷ የሚል ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ደጃፌን በዶማ ትቆፍራለች።

«እማዬ! ምን ሆነሻል?»

«ዝም በይ! ማታ ሰምቸሻለሁ። የቀበሩብሽን መተት ሳላወጣ ንቅንቅ አልል።»

መሳቅ ይሁን ማልቀስ አላውቅም። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። «የተቀበረው እዚህ ነው እማዬ። እኔው ነኝ ያስቀበርኩት፣ እንዳላረግዝ።» ዶማውን ጥላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«በቁሙ ያለ ሰው ላይ ምን ይቀበራል! አስወጪው ልጄ። እኔ ሰባት ወልጄ ማን ምን ቀበረብኝ?»

«ሰባት ወልደሽ ሦስቱን ቀብረሻል» አልኳት።

አፌ አምልጦኝ ነው። እናቴ ተንበርክካ አፈሩን በእጇ እየመለሰች ደለደለችው። ማታ ግን ለራት ስንቀመጥ፣ ሽሮውን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ይሁን፣ ያንቺስ ሸጋ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ እኔም ከመሪጌታና ከእሷ ሌላ ለማንም ሳልነግር ቀረሁ።

ሁዳዴ እንደገባ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ያየኝ ሐኪም ከሁሉ በፊት «የወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠቀሚያለሽ?» አለኝ። እርግዝና አለመኖሩን አየ፣ አልትራሳውንድ አነሣኝ፣ የቀረ ትርፍ የለም፣ የሚጠረግ የለም። ደሜ ግን አንሶ ነበር። «የክንድሽ መድኃኒት የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳሳዋል፤ የሳሳው ደግሞ እዚህም እዚያም እየተላጠ ይደማል። ብዙዎች ላይ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይቀንሳል» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝና ገባኝ፤ የነተበ ጨርቅ በየት በኩል እንደሚተረተር አይታወቅም። ደም የሚያስታግስ ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ለአምስት ቀን፣ ለደም ማነሱ ደግሞ የብረት እንክብል አዘዘልኝ። «ደሙ ከበዛ፣ ልብስ እያራሰ ካስቸገረሽ፣ ካዞረሽ ወይም ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ» አለኝ። ስወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረቴ ቀለለኝ።

ኪኒኑን ጨረስኩት፤ ደሙ አልቆመም። ይልቁንም ጨጓራዬ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግመው ሰጡኝ፣ ያው ሆነ። በቃ አልኩ። በስቅለት ከቅጥር ውጭ ልሰግድ? ትንሣኤን ከመንገድ ላይ ልስማ? ቢያስረግዘኝ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አስወጣዋለሁ ብዬ ለመሪጌታም ሳልነግር ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

አዋላጇ እንዳስቀመጠችኝ ወደ ነገሩ ገባሁ። «አውጪልኝ።»

«እሺ፣ መብትሽ ነው፤ አሁኑኑ ይወጣል» አለች። ጓንቷን እያጠለቀች፣ «ለደሙ የሰጡሽ ነገር አልነበረም?» አለችኝ።

«ነበር፤ አልሠራልኝም።»

«መቼ መቼ ነው የምትውጪው?»

«ማታ።»

«ሦስቱንም?»

«ከምግብ በኋላ ነው ያሉኝ። እኛ ደግሞ ምግብ የምንቀምሰው ከቅዳሴ መውጫ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።»

ጓንቷን መልሳ አወለቀችው። «አንቺ ሴት! ሦስቱን ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድሽ ላይ አከታትለሽ ስታወርጂው ጨጓራሽን ነው የምትልጪው። የጠዋቱ ለጠዋት ነው፣ የቀኑ ለቀን፣ የማታው ለማታ። ደሙን ቀኑን ሙሉ ሲይዘው እንጂ ማታ ብቻማ እንዴት ይቆማል?» ከዚያ ሕፃኗን አየቻት። ጡቴን ይዛ ነበር። «ይህችን እያጠባሽ፣ ደምሽ አንሶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾሚያለሽ?»

«እጾማለሁ።»

«ማን ጹሚ አለሽ?»

ማንም አላለኝም። ሕመምተኛና የምታጠባ ሴት እንደሚፈቀድላት ከልጅነቴ አውቃለሁ፣ ከመሪጌታ ቤት ነው የምኖረው። ግን ቤተ ክርስቲያን አልገባ፣ መስቀል አልሳለም፣ የልጄን ክርስትና አላይ፤ ጾሜ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱን ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር። ይህንን ስነግራት እንባዬ መጣ። አዋላጇ እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «ሌላም መድኃኒት አለ፣ ለምታጠባ ሴት ግን አሁን አይሆንም። መጀመሪያ ጨጓራሽ ይረፍ። ከዚያ ይህንኑ አምስት ቀን በልተሽ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ውሰጂው። እምቢ ካለ ነይ፣ አወጣልሻለሁ» አለችኝ። ክንዴን ሸፍኜ ወጣሁ።

የንስሐ አባቴን ከቅጥሩ በር ላይ ጠበቅኳቸው። እሳቸው በሩ ውስጥ፣ እኔ በሩ ውጭ ሆነን ነው የተነጋገርነው። መስቀላቸውን ሊዘረጉልኝ ሲሉ ወደ ኋላ አልኩ።

«አባቴ፣ አደፍ ነኝ። ከገና ወዲህ አልለቀቀኝም። ክንዴ ላይ ባለ መድኃኒት ምክንያት ነው። ለደሙ ኪኒን ሰጥተውኛል፣ እሱን ደግሞ ጠዋት በልቼ ነው የምውጠው።»

መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱት። «እስካሁን እየጾምሽ ነበር?»

«አዎ አባቴ።»

«ይህማ ጾም አይደለም ልጄ፣ እልህ ነው። ጠዋት ብዪ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ። ከነገ ጀምሮ ፈትቸሻለሁ።» ሊሄዱ ዞረው እንደገና ተመለሱ። «ስለ ክንድሽ ግን አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልሰማሁም።»

ዕድሜዬን ሁሉ አባባል ስሰማ ኖሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ጨጓራዬ ረገብ ሲልልኝ ጀመርኩ። ብቸኝነትን ያወቅኩት ግን ገና ያኔ ነው። በሁዳዴ ጠዋት፣ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ዘግቶ፣ አንቺ ብቻሽን እንጀራ ቆርሰሽ ማኘክ! ከቅጥር ውጭ ቢያንስ ቅዳሴው ይሰማኝ ነበር። እዚህ የሚሰማኝ የራሴ መንጋጋ ነው። ድስቱን እንኳ አላሞቅም፣ ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ ብዬ። እያለቀስኩ እውጥ ነበር፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ።

ሦስተኛው ቀን ላይ መሪጌታ ከሌሊቱ ጸሎት ሲመለስ ከሱቅ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ በእጁ ይዞ ገባ። በሁዳዴ ጠዋት መሪጌታ ዳቦ አንጠልጥሎ ሲሄድ ያላየው የለም።

«ምን አሉህ?» አልኩት። አንተ ያልኩት ሳላስበው ነው።

«ምን ይሉኛል። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ይዞት የሚዞር መስሏቸው ይሆናል» አለና ቆርሶ አቀበለኝ። እሱ ውኃም አልቀመሰም፤ በልቼ ኪኒኑን እስክውጥ ግን አጠገቤ ተቀመጠ።

ደሙ እየሳሳ ሄዶ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ቆመ። አላመንኩትም፣ ጥቂት ቀን ጠበቅኩት። በሆሳዕና ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ገባሁ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ የሆነው ግን ከሴቶቹ መካከል ቆሜ በግራም በቀኝም ትከሻ ሲነካኝ ሙቀቱ ብቻ በቃኝ። የዘንባባ ቀለበቴን ለሕፃኗ አጠለቅኩላት፤ ወዲያው አኘከችው።

እህቴ ሆይ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ አልዋሽሽም። ክንድሽ ላይ ካስቀበርሽ ደሙ ሊመጣ ሊሄድ ይችላል። ከሄድሽበት ሁሉ ስለ ክንድሽ ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሳትመረመሪ የሰው ኪኒን አትዋጪ። ጿሚ ከሆንሽ መጾምሽን ለሐኪሙ ንገሪ፤ እሱ አይጠይቅሽም፣ አንቺም ከመድኃኒት ጋር የሚገናኝ አይመስልሽም። ማስወጣት ከፈለግሽም መብትሽ ነው፤ ብቻ ደክሞሽ ሳይሆን አስበሽበት ይሁን።

ግንቦት ላይ እኔም መልሶ መጣብኝ። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ትንሽ ነው፤ ግን አደፍ አደፍ ነው። እሑድ ጠዋት ለመሪጌታ፣ «ደግሞ መጣ። እንዲህ እየተመላለሰ ሦስት ዓመት ልከርም ነው? ላስወጣው እንዴ?» አልኩት። ሳይመልስልኝ ወጣ። እኔም ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ልጄን አዝዬ፣ የተለመደችው ቦታዬ ላይ ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። ያቺ የሰፈራችን ሴት ስትገባ አየችኝና ከንፈሯን መጠጠች።

ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴ ሊገባ ሲል መሪጌታ በበሩ ብቅ አለ። በዚያ ሰዓት ወጥቶ አያውቅም። ሰው መሃል እየሰነጠቀ እፊቴ መጥቶ ቆመና መቋሚያውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ተደግፎ የሚዘምርባትን ረጅም ዘንግ፣ ወደ እኔ ዘረጋት።

«መሪጌታ፣ አደፍ ላይ እኮ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ። «ሰው እያየ ነው። ይተዉ።»

«እንጨት ነው፣ ያዢው» አለ ድምፁን ሳይቀንስ። «ሦስት ዓመት ቆሞ መስማት ይደክማል። ተደገፊው።»

ባዶ እጁን ተመልሶ ገባ። ያቺ ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። መቋሚያውን ብብቴ ሥር አድርጌ ተደገፍኩት።